ሳይፋይ አይቼ ኪዳን ላይ የቆምኩ ያህል ተሰማኝ፤ ጥፋት ይሆን?

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ መምህር። የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። በሰፈራችን ሰንበት ትምህርት ቤት አገለግላለሁ። የሳይንስ ልብወለድ (ሳይፋይ) ፊልም ስወድ ለጉድ ነው። ሰሞኑን ኢንተርስቴላርን በላፕቶፕ ለብቻዬ አይቼ ስጨርስ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሰፈሩ መብራት ጠፍቶበት ስለነበር በረንዳ ላይ ወጥቼ ሰማዩን ሳይ ቆየሁ። ጎሕ ሲቀድ ኪዳን ላይ ቆሜ የሚሰማኝ ዓይነት ነገር መጣብኝ። ለጓደኛዬ ብነግረው ‹እግዚአብሔርን በጠፈር መተካት ይሉሃል ይሄ ነው፤ ቢቀርብህ ይሻላል› አለኝ። እውነቱን ነው? ደግሞስ እነዚህን ፊልሞች ከሚሠሩት ብዙዎቹ አማኝ አይደሉም ይባላል፤ ታዲያ ዞረው ዞረው ለምን መንፈሳዊ ነገር ላይ ይደርሳሉ? ለሰንበት ተማሪዎቻችን ባሳያቸውስ ምን ይላሉ?»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ እንኳን ጠየቅከኝ። እኔ የፊልም መምህር ነኝ፤ የምመልስልህም በሙያዬ በኩል ነው። የነፍስህን ጉዳይ የንስሐ አባትህ ያውቁታል፤ የሳቸውን ቦታ አልወስድም።

የተሰማህ ነገር ጥፋት አይደለም። ፊልም ከመፈጠሩ በፊትም የነበረ ነው። ዳዊት እረኛ ነበር፤ ሜዳ ማደርን ያውቀዋል። መዝሙር 8 ላይ «የጣቶችህን ሥራ ሰማዮችን ባየሁ ጊዜ» ብሎ ይነሳና «ታስበው ዘንድ ሰው ምንድር ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ጨረቃውንና ከዋክብቱን ሲያይ ራሱን አነሰበት። አንተም በረንዳህ ላይ ያገኘህ ይኸው ነው። ዳዊት ግን ግርምቱን ሜዳ ላይ በትኖት አልሄደም። «አንተ» ብሎ ለሚሰማው ተናገረው።

ጥሩ ፊልም እስከ ግርምቱ ድረስ ይወስድሃል። «አንተ» ብለህ የምትጠራውን ግን ሊሰጥህ አይችልም። ይህንን ትልልቆቹ ዳይሬክተሮች ራሳቸው የሚያውቁት ይመስለኛል። ስለዚህ እዚያ ቦታ ላይ ሲደርሱ ጸሎት ይዋሳሉ። እንዴት እንደሆነ ላሳይህ።

ተማሪዎቼን ሁሌ የምላቸው ነገር አለ። ሳይፋይ ስታዩ ቃል የሚያልቅበትን ቦታ ፈልጉ። ተዋንያኑ ዝም የሚሉበት፣ ማብራሪያ የማይሰጥበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ ዳይሬክተሩ ምን ድምፅ እንዳስገባ አዳምጡ። ጓደኛህ ፊልሞቹን ያየው በዓይኑ ብቻ ይመስለኛል።

በ1968 የወጣውን የስታንሊ ኩብሪክን «2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲ» ውሰድ። (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) ፊልሙ የሚጀምረው ሰው ሰው ከመሆኑ በፊት ነው። ዝንጀሮ መሳይ ፍጥረቶች በረሃ ውስጥ፣ ዋሻ ሥር ተኮራምተው ያድራሉ። ጠዋት ሲነቁ ጥቁር፣ ልስልስ ያለ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ድንጋይ ፊታቸው ተተክሏል። ማን እንዳቆመው አይታወቅም። ይጮሃሉ፣ ይሸሻሉ፣ ይመለሳሉ። አንዱ እጁን ዘርግቶ ነካ ያደርግና ቶሎ ይመልሳል። ቃል የሚባል ነገር የለም። ከበስተጀርባ የሚሰማው የብዙ ሰው ድምፅ እንደ ንብ መንጋ ይተማል። መጀመሪያ ስትሰማው ያስፈራል።

ያ ድምፅ ሊጌቲ የሚባል የሙዚቃ ደራሲ ለሙታን ጸሎት ብሎ የደረሰው ሥራ ነው። ክፍሉ «ኪርያላይሶን» ነው። አዎ፣ በስቅለት ዕለት ወገባችን እስኪዝል እየሰገድን የምንለው ራሱ። ሊጌቲ የሀንጋሪ አይሁዳውያን ቤተሰብ ልጅ ነው። አባቱንና ወንድሙን በናዚ ካምፖች አጥቷል። ድምፆቹን እርስ በርስ ስላጠላለፋቸው ቃሉን ለይቶ መስማት ያስቸግራል፤ ለዚህ ነው ብዙ ተመልካች ምን እየተባለ እንዳለ ሳያውቅ ፀጉሩ የሚቆመው። ኩብሪክ ለፊልሙ ሌላ ሙዚቃ አስደርሶ ነበር፤ ተወውና ይህንን አስቀረ። ሳይንስ ምንም በማይልበት፣ ድንጋዩን ማን እንዳቆመው በማይታወቅበት ቦታ ላይ የቆመው ድምፅ «አቤቱ ማረን» ነው። ማረን የሚባለው ደግሞ ለሆነ አካል ነው።

በዚያው ዓመት፣ በፈረንጆቹ የገና ዋዜማ፣ የአፖሎ 8 ሦስት ጠፈርተኞች ጨረቃን እየዞሩ በቴሌቪዥን ለዓለም ንግግር ማድረግ ነበረባቸው። ከዚያ በፊት ጨረቃን የዞረ ሰው አልነበረም። ተራ በተራ ያነበቡት የኦሪት ዘፍጥረትን የመጀመሪያ 10 ቁጥሮች ነው። እነዚህ ሰዎች አብራሪዎችና መሐንዲሶች ናቸው። ከምድር ያን ያህል ርቆ ለሚናገር ሰው የራሱ ቃል ሳይበቃው ቀረ።

አሁን ወደ ሶቪየት ኅብረት እንሂድ። አንድሬ ታርኮቭስኪ «ሶላሪስ»ን በ1972 ሲያወጣ አገሩ እግዚአብሔር የለም የሚል መንግሥት ነበራት። የፊልም ባለሥልጣናቱ ረጅም የማስተካከያ ዝርዝር ሰጡት። ራሱ በማስታወሻው እንደጻፈው፣ ከዝርዝሩ መካከል የእግዚአብሔርን ነገር አውጣ፣ የክርስትናን ነገር አውጣ የሚሉ ነበሩበት። ፊልሙን ሲያዩት ግን መግቢያው ላይ የሚሰማው ኦርጋን የጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ የባኽ ነው። ያ የባኽ ሥራ የተሠራበት መዝሙር «ወደ አንተ እጣራለሁ፣ ጌታ ኢየሱስ ክርስቶስ ሆይ» ይላል። መንግሥት ከጽሑፉ እንዲወጣ የጠየቀው ነገር በዜማ በኩል ገብቶ ተቀመጠ። እዚህም ላይ ልብ በል፤ «ወደ አንተ» ነው የሚለው።

ሶላሪስ ላይ ትንሽ ልቆይ። ታሪኩ እንዲህ ነው። ክሪስ የሚባል የሥነ ልቦና ሐኪም ሩቅ ፕላኔት ላይ ወዳለ የምርምር ጣቢያ ይላካል። ፕላኔቱን የሸፈነው ውቅያኖስ የሚያስብ ነገር ነው። ሰዎቹ ሲተኙ ውስጣቸው ገብቶ፣ በጣም የሚያሳፍራቸውን ወይም የሚናፍቁትን ሰው ሥጋ አልብሶ ያመጣላቸዋል። ለክሪስ የመጣችለት ራሷን ያጠፋች ሚስቱ ናት። በመጨረሻ ክሪስ ወደ አባቱ ቤት ሲመለስ እናያለን። በሩ ላይ ተንበርክኮ አባቱን እግሩ ሥር ያቅፋል፤ አባትየው እጁን ትከሻው ላይ ያደርጋል። ሬምብራንት የሳለው የጠፋው ልጅ መመለስ ሥዕል ቁጭ ብሎ ነው።

ይህንን ፊልም ኮዬ ፈጬ፣ አንድ ብሎክ ኮሚናል ውስጥ ለሰፈሩ ወጣቶች አሳይቼ ነበር። በር ላይ የጀበና ቡና የሚሸጡ አንዲት እናት ሲኒ ሊሰበስቡ ገብተው፣ ቆመው ማየት ጀመሩ። መጨረሻው ላይ ክሪስ በመስኮት ወደ አባቱ ቤት ውስጥ ይመለከታል። አባትየው መጽሐፍ ያስተካክላል። ውኃ ከላይ ጀርባው ላይ ይወርዳል፤ እሱ ግን አያውቀውም። እማማ ጮክ ብለው «ኧረ ቤቱ ያፈሳል! ሰውየው አይሰማውም እንዴ?» አሉ። ልጆቹ ሳቁ። እሳቸው ግን ቀጠሉ፦ «ይሄ የሰው ቤት አይደለም። ሰው ቢሆን ይነሳ ነበር።» ክሪስ ከተንበረከከ በኋላ ካሜራው ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። ቤቱ፣ ዛፉ፣ ኩሬው፣ ሁሉም በዚያ ውቅያኖስ መሐል ያለች አንዲት ደሴት ሆነው ታዩ። አባትየውም ቤቱም ውቅያኖሱ የሠራቸው ናቸው። ብዙ የፊልም ሐያሲ የሚደክምበትን ነገር እማማ የሚያፈስ ጣሪያ ስለሚያውቁ ቀድመው አዩት።

ከዚያ በኋላ ክርክሩ ጦፈ። ክሪስ ይቅርታውን አግኝቷል ወይስ ተሸውዷል? አንዷ ተማሪ «እሱ የተንበረከከው ከልቡ ነው፤ አባቱ እውነተኛ ባይሆንም ንስሐው እውነተኛ ነው» አለች። ሌላው «ይቅር የሚል ከሌለ ይቅርታ የለም» አላት። እኔ የሁለተኛው ወገን ነኝ። መንበርከክ ብቻውን አያሳርፍም፤ እጁን ትከሻህ ላይ የሚያደርገው ማን እንደሆነ ለውጥ ያመጣል። ፊልሙ ትልቅ የሆነውም ጥያቄውን ሳያድበሰብስ እንደዚያው ትቶት በመውጣቱ ነው።

እንግዲህ ወደ አንተ ኢንተርስቴላር። ክሪስቶፈር ኖላን በ2014 ነው ያወጣው። አንድ አባት ልጆቹን ምድር ላይ ትቶ፣ ለሰው ልጅ ሌላ መኖሪያ ፍለጋ ወደ ጠፈር ይሄዳል። የሙዚቃው ደራሲ ሃንስ ዚመር ዋናውን ድምፅ ያስቀረጸው ለንደን ውስጥ ቴምፕል ቸርች በሚባል ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ነው። ቤተ ክርስቲያኑ 12ኛው ክፍለ ዘመን ላይ የተሠራ ነው። ኦርጋን የእኛ የኪዳን መሣሪያ አይደለም፤ ግን በጸሎት ቤት የሚያገለግል፣ ከፍ ያለ ጣሪያ ሥር የሚያስተጋባ ድምፅ ነው። በረንዳህ ላይ ኪዳን ትዝ ያለህ ያለ ነገር አይደለም። ለሦስት ሰዓት ያህል በጆሮህ ሲገባ የቆየው የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ነው።

ጓደኛህ ልክ የሆነበት ቦታም እዚሁ ፊልም ላይ ነው። ሙሉውን ጊዜ «እነሱ» የሚባሉ ረዳቶች አሉ። መንገዱን የከፈቱት እነሱ ናቸው፤ ሰውን ሊያድኑ የሚፈልጉ እነሱ ናቸው። ከላይ የመጣ ምሕረት ይመስላል። መጨረሻ ላይ «እነሱ» ወደፊት የሚመጡት የሰው ልጆች ሆነው ይገኛሉ፤ መጀመሪያ ላይ ቤታቸው ውስጥ ያለ መንፈስ የመሰለውም አባትየው ራሱ ነው። እዚህ ላይ ፊልሙ አነሰብኝ። ያን ያህል ሰማይ ከፍቶ ሲያበቃ መስታወት ሰጠን። የሚገርመው፣ ከሦስቱ ፊልሞች ቃል የሌለው ድምፅ የተዋሰው ይኼኛው ነው። ኦርጋኑን ወሰደ፤ ጸሎቱን አልወሰደም።

ያም ሆኖ መሐሉ ላይ ያለው አንድ ክፍል ለእኔ ከመጨረሻው ይበልጣል። ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ አጠገብ ባለ ፕላኔት ላይ አንድ ሰዓት ምድር ላይ 7 ዓመት ነው። አባትየው ለጥቂት ሰዓት ወርዶ ሲመለስ 23 ዓመት አልፏል። ቁጭ ብሎ የተጠራቀመውን የቪዲዮ መልእክት ይከፍታል። ልጁ ትምህርት ሲጨርስ፣ ሲያገባ፣ ልጅ ወልዶ ሲቀብር፣ በመጨረሻም «አባባ፣ አትሰማኝም» ብሎ ተስፋ ሲቆርጥ ያያል። መልስ መስጠት አይችልም። እኛ ሰፈር ልጁን በአይሞ እያየ ያሳደገ አባት ስንት ነው? ዓረብ አገር ያለች እናት ልጇ ጥርስ ሲያወጣ በስልክ ነው ያየችው። ይህንን ክፍል ያገር ሰው ሲያየው ማስረዳት አያስፈልገውም። ሰው በሌለበት መውደድ፣ ሳይመለስልህ መጠበቅ፤ ይሄ ከጸሎት ጋር የሚቀራረብ ነገር ነው። ጊዜው ራሱ የአንስታይን ሳይንስ ነው፤ ስበት በበረታ ቁጥር ሰዓት ይዘገያል። ሳይንሱ የገባው ሰው ይበልጥ ያለቅሳል።

ለምን ዞረው ዞረው እዚያ ይደርሳሉ ላልከኝ፣ ሳይፋይ ሰውን ከኪራዩ፣ ከታክሲ ሰልፉ፣ ከኑሮ ውድነቱ አውጥቶ ሰማይ ፊት ያቆመዋል። እዚያ የቆመ ሰው ከየት መጣሁ፣ ብቻዬን ነኝ ወይ፣ ስሞት ምን እሆናለሁ ማለቱ አይቀርም። ደራሲው አማኝ ሆነም አልሆነም ጥያቄው አይለቀውም። ለዚህ ከሁሉ የምወደው ምሳሌ «ኮንታክት» ነው።

የታሪኩ ባለቤት ካርል ሴገን ነው። የጠፈር ሳይንቲስት ነበር፤ ያለ ማስረጃ አላምንም የሚል ሰው ነበር። በ1996 መጨረሻ አረፈ፤ ፊልሙ የወጣው በ1997 ነው። ኤሊ የምትባል ሳይንቲስት ከጠፈር መልእክት ትሰማለች። በመልእክቱ መሠረት መጓጓዣ ይሠራል። ማን ይሂድ ተብሎ ኮሚቴ ይቀመጣል። ኮሚቴው ፊት በእግዚአብሔር ታምኛለሽ ወይ ትባላለች። መዋሸት ትችል ነበር። ማስረጃ የለኝም ብላ ዕድሏን አጣች። ኮሚቴው የሚፈልገውን የተናገረው ሰውዬ ቦታውን ወሰደ። እኔ አማኝ ነኝ፤ ግን በዚያ ክፍል ውስጥ ለእግዚአብሔር የቀረበችው እሷ ትመስለኛለች። ለሹመት ብሎ «አምናለሁ» ማለት ስሙን በከንቱ መጥራት ነው።

በኋላ ዕድሉ ለእሷ ይዞርና ትሄዳለች። ያየችውን ለመግለጽ ቃል ያጥራታል። ስትመለስ ግን ሁሉም የሚላት ያለሽበት ነገር ዝም ብሎ ወደቀ፣ የትም አልሄድሽም ነው። ለሰው የሰከንዶች ጉዳይ ነው። እሷ 18 ሰዓት ያህል ቆይቻለሁ ትላለች። ማስረጃ ስትባል የላትም። ዕድሜዋን ሙሉ ማስረጃ ስትጠይቅ የኖረች ሴት፣ አይቻለሁ ግን ላሳያችሁ አልችልም ብላ ትቆማለች። ቀደም ብሎ አንድ ሰባኪ አባትሽን ትወጂው ነበር? ብሏት ነበር። አዎ አለች። አረጋግጪልኝ አላት። ዝም አለች። ያ ዝምታ አሁን ኮሚቴው ፊት ትርጉም ያገኛል። በመጨረሻ ሁለት ባለሥልጣናት ለብቻቸው ሲነጋገሩ፣ የእሷ ካሜራ የቀረጸው ጭርጭርታ ብቻ እንደሆነ፣ ርዝመቱ ግን 18 ሰዓት እንደሆነ እንሰማለን። እሷ ይህንን አታውቅም። እኛ እናውቃለን።

ይህንን የጻፈው የማያምን ሰው ነው። ምስክርነት ምን ያህል ብቸኛ እንደሚያደርግ ግን ከብዙ ሰባኪ በተሻለ ገብቶታል።

የማይመቹኝም አሉ። «ስታር ዋርስ» ደስ የሚል ተረት ነው፤ ግን ጀግኖቹ «ኃይሉ» የሚሉት ነገር የምትጠቀምበት ጉልበት እንጂ የምትጸልይለት አይደለም። «ማትሪክስ» ሥላሴ የሚል ስም ለሴቷ፣ ጽዮን የሚል ስም ለከተማው ሰጥቶ፣ ጀግናውን ገድሎ ያስነሳል። ስም መዋስ ፍለጋ አይደለም። ሁለቱንም ለመዝናናት እያቸው፤ ከዚያ በላይ አትጫንባቸው።

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለሚጠይቁህ ወጣቶች በ1982 የወጣውን «ብሌድ ረነር» አንሳላቸው። ሮይ የተባለው ሰው ሠራሽ ፍጡር ዕድሜው 4 ዓመት ብቻ ተደርጎ ተሠርቷል። ሠሪውን ቤቱ ድረስ ሄዶ ዕድሜ ጨምርልኝ ይለዋል። ሠሪው አይቻልም ይለዋል። ሮይ ሠሪውን ከሳመው በኋላ ይገድለዋል። ሕዝቅያስ ታምሞ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሲያለቅስ 15 ዓመት እንደተጨመረለት አስታውስና ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። አቅም የሌለው ፈጣሪ ምን ያህል አስፈሪ እንደሆነ ፊልሙ ያሳያል።

ከታርኮቭስኪ ሌላ አንድ አለ፣ «ስቶከር»፣ 1979። ሦስት ሰዎች የተከለከለ ቦታ ውስጥ ያለች አንዲት ክፍል ፍለጋ ይሄዳሉ። ክፍሏ የልብህን ምኞት ትፈጽማለች ይባላል። ጃርት የሚል ቅጽል ስም የነበረው አንድ መንገድ መሪ ከዚያ በፊት ገብቶ ነበር። ወንድሙ ስለሞተበት ወንድሜን መልሺልኝ ሊል ነው የሄደው። ቤቱ ሲመለስ ብዙ ገንዘብ አገኘ። ወንድሙ አልተነሳም። ጃርት ራሱን ሰቀለ። ክፍሏ የምትሰጠው አፍህ የጠየቀውን ሳይሆን ልብህ የፈለገውን ነው። ስለት የተሳለ ሁሉ ይህንን ታሪክ ሲሰማ ቆም ይላል። ሽንቁሩ ሚካኤል ፀበል ቁልቁል ስትወርድ አፍህ ላይ ያለውና ልብህ ውስጥ ያለው አንድ ናቸው ወይ? ሦስቱ ሰዎች ደጃፉ ላይ ይደርሱና ሳይገቡ ይቀመጣሉ። ከዚያ በፊት፣ እርጥብ መሬት ላይ ተጋድመው ሳሉ፣ መሪያቸው ከሉቃስ 24 የኤማሁስን መንገድ ይናገራል። አብሯቸው የሚሄደውን ያላወቁትን ሁለት ሰዎች ታሪክ።

ከዚሁ ከአገራችንም አለ። በ2015 የወጣው «ክራምብስ» በአማርኛ የተሠራ፣ እዚሁ ኢትዮጵያ የተቀረጸ፣ ዳንኤል ታደሰ የተወነበት ሳይፋይ ነው። ዳይሬክተሩ ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ነው። ዓለም አልቆ፣ ሰማይ ላይ የቆመ አሮጌ መንኮራኩር ሥር የቀሩ ሰዎች የፕላስቲክ መጫወቻና የድሮ ዕቃ እንደ ቅዱስ ነገር ይዘው ይኖራሉ። ትርጉሙ የጠፋበት ሰው ያገኘውን ሁሉ ያከብራል የሚል ነው የሚመስለኝ። ሁሉም ሰው አይወደውም። ጨው በረሃውን ለማየት እንኳ ዋጋ አለው።

ሳይንስና ጸሎት ይጋጫሉ ለሚሉህ፣ እንጦጦን አሳያቸው። 3200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። በ2019 ከቻይና የተወነጨፈችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን መረጃ የምትልከውም ወደዚያው ነበር። በዚያው ተራራ እንጦጦ ማርያም ናት። ሊቃውንቱ ደግሞ ፀሐይንና ጨረቃን በባሕረ ሐሳብ እየቆጠሩ በዓላቱን ሲያወጡ ኖረዋል። ሰማዩን መቁጠር እዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም።

አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅህ። ዩቲዩብ ላይ መጽሐፈ ሄኖክን የባዕድ ፍጡራንና የመንኮራኩር ታሪክ የሚያደርጉ አሉ። ልጆችህ ይጠይቁሃል። ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የቆየው በግዕዝ፣ በእኛ ቤት ነው። ምዕራፍ 14ን ራስህ አንብበው። ሄኖክ ወደ ሰማይ ተወስዶ ከበረድ ድንጋይ የተሠራ፣ የእሳት ልሳን የከበበው ቤት ይገባል። እንደ እሳት ይፋጃል፣ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። ተንቀጥቅጦ በፊቱ ይደፋል። ከዚያ የሚበልጥ ሁለተኛ ቤት ያያል፤ ዙፋን ያያል። አሁን የ2001ን መጨረሻ አስታውስ። ጠፈርተኛው በብርሃን ጎዳና ተስፈንጥሮ፣ ወለሉ የሚያበራ ነጭ ክፍል ውስጥ ራሱን ያገኛል። ያረጃል፣ አልጋ ላይ ይወድቃል፣ ጥቁሩ ድንጋይ ፊቱ ይቆማል። ግርማው ይመሳሰላል። ሄኖክን ግን በስሙ ይጠራዋል፤ «ወደዚህ ቅረብ፣ ቃሌንም ስማ» ይለዋል። ጠፈርተኛውን ማንም አይጠራውም። ሄኖክን መንኮራኩር ውስጥ የሚከቱት ሰዎች ይህንን ጥሪ ነው የሚያወጡበት።

ወደ መጨረሻው ጥያቄህ። አሳያቸው፤ ግን መጀመሪያ ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ኃላፊና ለንስሐ አባትህ ንገር፤ ከተቻለ አንድ መሪጌታ አብረዋችሁ ይቀመጡ። በኮንታክት ጀምር። ሁለት ሰዓት ተኩል ስለሚሆን ለሁለት እሑድ ክፈለው። የመጨረሻው የኮሚቴ ክፍል ሲደርስ አቁመውና «ትዋሻለች ወይ?» ብለህ ጠይቅ። የ18 ሰዓቱን ነገር ከክርክሩ በኋላ ነው የምታሳያቸው። ከ2001 የመጀመሪያዎቹን 20 ደቂቃዎች ብቻ አሳይ፤ ቀጥሎ አንዱ ተማሪ ሄኖክ 14ን ጮክ ብሎ ያንብብ። ሶላሪስና ስቶከር ዝግ ያሉ ናቸው፤ ለትልልቆቹ አቆያቸው። ብሌድ ረነር ለሕፃናት አይሆንም።

ስለ ድምፁ አደራ። የላፕቶፕ ስፒከር የኦርጋኑን ወፍራም ድምፅ ጨርሶ አያወጣውም፤ የኪርያላይሶኑንም ድምፆች አንድ ላይ ያደባልቃቸዋል። የመዘምራኑን ስፒከር አስፈቅደህ ተዋስ። ኮሚናል ውስጥ ከሆነ የምታሳየው፣ ባዶ ሲሚንቶ ግድግዳ በጣም ያስተጋባል፤ ከስፒከሩ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ ሁለት ወፍራም ብርድ ልብስ ስቀልበት፣ ጄኔሬተር ካለም ከበሩ ራቅ አድርገህ አስቀምጠው።